የምድር ቤቱ ቁም ሳጥን

«ድገሚው» አለች እናቷ።

ጥይት ደገመችው። ሁለተኛ ሲነበብ ይለሰልስ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከማኅተሙ ጀምራ ቁልቁል ወረደች። «በተደረገው የቤት ጉብኝት ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር ስለመኖራቸው ማስረጃ ባለመገኘቱ፣ የባል የመኖሪያ ፈቃድ ጥያቄ ውድቅ ተደርጓል። በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ቅሬታ ካልቀረበ አመልካቹ ከአገር ይወጣል።»

«በአንድ ጣሪያ ሥር?» እናቷ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ባለፈው ክረምት ያፈሰሰበት ቦታ ላይ ቡናማ ክብ ቀርቷል፤ መሰላል ላይ ወጥቶ ቀዳዳውን የደፈነው ጋሼ ነው። «እሱን ማን ደፈነው ታዲያ? መንፈስ?»

ማንም አልሳቀም። ጋሼ የሻይ ብርጭቆውን ወደ አፉ እንዳስጠጋ ክው ብሎ ቀርቷል። አይጠጣው፣ አያስቀምጠው። ጋሼ የእናቷ ባል ነው፤ አባቷ አይደለም። እዚህ በስደት አገር ከተጋቡ ሦስት ዓመት ሊሆናቸው ነው። ሶፋ ሠሪ ነው፤ ሰው የሰለቸውን ያረጀ ሶፋ እየገሸለጠ፣ ስፖንጁን እየቀየረ አዲስ ጨርቅ ያለብሳል። ወትሮም ወሬ አያበዛም። 

«ሰውዬው መጥቶ አልነበር እንዴ?» አለ በመጨረሻ። «ያ ጎብኚ። አይቶ ሄደ አላልሽኝም?»

«መጣማ!» እናቷ በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ የማታ ተረኛ ናት፤ ሰው ለምሳ ሲቀመጥ እሷ ገና አልጋዋ ላይ ናት። «እንቅልፌን ሳልጠግብ አንኳኳ፣ ከፈትኩለት። መኝታ ቤት ገባ፣ ቁም ሳጥኑን ከፈተ፣ መታጠቢያ ቤቱን አየ፣ ፎቶ አነሳ። ‹የባልሽ ልብስ የት አለ?› አለኝ። ‹እዚህ አያስቀምጥም› አልኩት። እውነቴን ነዋ! ሌላ ምን ልበል? አመሰግናለሁ ብሎኝ ወጣ። ሻይ ላፍላልህ ሁሉ ብዬው ነበር፣ እግዜር ይይለትና!»

ጥይት ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች። «‹የባል ንብረት በሌላ ቦታ እንደሚቀመጥ ሚስት በቃሏ አረጋግጣለች።›»

«እኔ ነኝ ያረጋገጥኩት?» እናቷ ደረቷን ያዘች። «እኔ? በገዛ አፌ?»

ጋሼ ብርጭቆውን አስቀመጠና እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። ለአንድ አፍታ ጥይትን አያት። ከዚያ ደግሞ ያየውን ነገር እንዳያይ የፈለገ ይመስል ፊቱን አዞረ።

ጥይትን ያስደነገጣት ግን ከአገር መውጣቱ ብቻ አልነበረም። ደብዳቤው ያለውን ነገር እሷ ራሷ በሆዷ ስትለው ኖራለች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቀን ቀን ቤት ውስጥ የጋሼ የሚባል ነገር የለም። ጫማ የለ፣ ጃኬት የለ፣ ጢም መላጫ የለ። ማታ ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ብቅ ይላል፤ ጠዋት ያንኑ ለብሶ ይወርዳል። ዕቃው ምድር ቤት ካለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እንዳለ ታውቃለች። ለምን እንደሆነ ግን ጠይቃ አታውቅም። ምክንያቱም መልሱን የምታውቅ ይመስላት ነበር። የወለዳት አባቷም እንደዚሁ ነበር፤ ሻንጣው በር ሥር ተቀምጦ ተቀምጦ አንድ ቀን ባዶ ቦታው ብቻ ቀረ። ዕቃውን የማያስገባ ሰው እግሩ ደጃፍ ላይ ነው። ስለዚህ ጋሼን ከመጀመሪያው ጀምሮ «እርስዎ» ትለዋለች። «አንተ በይኝ እንጂ፣ አስረጀሽኝ» ብሎ ቀልዶባት ነበር አንድ ሰሞን። እሷ ግን ከሚሄድ ሰው ጋር «አንተ» መባባል አልፈለገችም።

እና አሁን መንግሥት ከነማኅተሙ መጥቶ «ልክ ነሽ» ያላት መሰላት።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ነገሩን ለሬዲዮ ነገረቻት። ሬዲዮ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ስሙን ያወጡላት ስለማትዘጋ ነው። ምሥጢር ስትይዝ ግን ትይዛለች፤ የምታወራው ሌላውን ሁሉ ነው።

«ቆይ፣ ሌላ ቤት ቢኖረውስ?» አለች ሬዲዮ።

«አትቀልጂ።»

«አልቀለድኩም ፍሬንዴ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም? ሰው ዕቃውን ለምን ምድር ቤት ይቆልፋል? ወርደሽ እዪዋ።»

ጥይት መልስ አልሰጠቻትም። የዚያን ቀን የሩጫ ልምምድ ስላልነበራት ግን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቤት ሄደችና፣ ደረጃውን ወደ ላይ በመውጣት ፈንታ ወደ ታች ወረደች።

ምድር ቤቱ የሕንፃው ሰዎች ልብስ የሚያጥቡበት ነው። ጥግ ላይ መጋረጃ ያለው ሻወር አለ። ከጎኑ ቁልፍ የተንጠለጠለበት የቆርቆሮ ቁም ሳጥን ቆሟል። ከማጠቢያ ማሽኖቹ ኋላ ተሸሽጋ ጠበቀች። ሰው ስትሰልል የመጀመሪያዋ ስለሆነ ልቧ ድው ድው ይላል፤ ራሷንም ታዘበች።

ጋሼ ገባ። ከፀጉሩ እስከ ጫማው በአቧራ ግራጫ ሆኗል፤ ጃኬቱ ላይ የስፖንጅ ፍርፋሪ ተለጥፏል። ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ጥይት አንገቷን አሰገገች። ሁሉም ነገር እዚያ ነው! ተጣጥፈው የተደረደሩ ሸሚዞች፣ የሠርጉ ሱፍ በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ጫማዎቹ፣ መላጫው፣ ፎጣው፣ ነጠላ ጫማው። የአንድ ሰው ሙሉ ኑሮ በቆርቆሮ ውስጥ። የአባቷ ሻንጣ ትዝ አላትና ደሟ ፈላ።

«ጋሼ!» ብላ ወደ እሱ ተንደረደረች።

«እዛው ቁሚ!»

ጩኸቱ ግድግዳውን አንቀጠቀጠው። ጥይት ደርቃ ቀረች። በሦስት ዓመት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎባት አያውቅም። ጋሼ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ መሣሪያ የተደገነበት ይመስል ወደ ኋላ እየሸሸ ግድግዳው ጋ ተለጠፈ።

«አንድ እርምጃ እንዳትጨምሪ! በሩን ክፈቺው፣ አየር ይግባ! አፍንጫሽን ሸፍኚ!»

«ይሄው ነዋ!» አለች እሷም እየጮኸች። አፍንጫዋን ስለምን እንደምትሸፍን አልገባትም፣ ሊገባትም አልፈለገችም። «ዕቃዎን ሸክፈው ነው የሚኖሩት! እውነታቸውን ነው! አብረውን አይኖሩም!»

ጋሼ በጥፊ የተመታ ሰው ይመስል ዓይኑን ጨፈነ። ሲመልስላት ድምፁ ወርዷል። «ታጥቤ ልምጣ። በሩ ጋ ሆነሽ ጠብቂኝ። እባክሽ፣ ሚጣ።»

ጠበቀችው። ውሃው ፈሰሰ፣ ቆመ። ጋሼ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ፀጉሩ ውሃ እያንጠባጠበ ወጣና ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ትንፋሽ አጥሮሽ ሆስፒታል የገባሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል? በተጋባን ሰሞን?»

«ይለኛል።»

«ማን ነው አቅፎ ያወረደሽ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ምን ለብሼ?»

ጥይት ከመመለሷ በፊት ሽታው መጣባት። ኮላና የቆየ አቧራ። ፊቷ ትከሻው ላይ ተደፍቶ፣ ያ ሻካራ ጃኬት አፏና አፍንጫዋ ላይ።

«ከሥራ መግባቴ ነበር» አለ ጋሼ። «ሊፍቱን መጠበቅ አላስቻለኝም። ደረጃውን ስወርድ ትንፋሽሽ እያጠረ ይሄዳል፤ እኔ ደግሞ የባሰ ጥብቅ አድርጌ አቅፍሻለሁ። ዶክተሩ ‹ሥራህ ምንድነው?› አለኝ። ነገርኩት። ጃኬቴን አየና ‹ይሄን ሁለተኛ ቤት እንዳታስገባው› አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም። ምን ይበለኝ? የሰው ሶፋ ውስጥ የስንት ዓመት አቧራ እንዳለ እኔ አጥቼው ነው?» መዳፎቹን እያገላበጠ አያቸው። «የተሸከምኩሽም እኔ፣ ያፈንኩሽም እኔ። ከዚያን ቀን ወዲህ ክር እንኳን ከዚህ ወደ ላይ እንዳይወጣ አልኩ።»

ጥይት ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? በኔ ምክንያት ሰውዬው ከቤቱ ወጥቶ ይለብሳል ብለሽ እንድትሳቀቂ? ልጅ በገዛ ቤቷ ሸክም ነኝ ማለት የለባትም። እናትሽንም አፏን ያስያዝኳት እኔ ነኝ።» ወደ ቁም ሳጥኑ አየና፣ «ሄደው ይህን ይጽፉብናል ብዬ በየት በኩል ልጠርጥር?» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም ለተቸገሩ ሰዎች በነፃ ወደምትሟገት ጠበቃ ቢሮ ሄዱ። ጠበቃዋ እንደ ተማሪ እርሳስ ፀጉሯ ላይ የሰካች ሴት ናት። ታሪኩን ሰምታ ስትጨርስ እርሳሱን አውጥታ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች።

«ስህተት ነው» አለች። «ስህተት ደግሞ ይታረማል፤ ግን ‹ተሳስታችኋል› ስላልን አይደለም። የሆስፒታሉን ማስረጃ ታወጣላችሁ። ቁም ሳጥኑን ፎቶ አነሳዋለሁ። አንድ ምስክር ግን ያስፈልገናል። ዘመድ አይሆንም። አብሮት የሚሠራ አይሆንም፣ የሚያየው ሥራ ቦታ ነው። ከውጭ ሆኖ የዚህ ቤተሰብ ሰው መሆኑን ያየ።»

«ጎረቤት?» አለች እናቷ፤ ከዚያ ራሷ መለሰችው። «የኛ ጎረቤት በሊፍት ውስጥ እንኳን ጫማውን ነው የሚያየው።»

«የሩጫ አሰልጣኟ አለ» አለ ጋሼ። «ልምምድ ስትጨርስ የምወስዳት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያየኛል። ከአጥሩ ውጭ ነው የምቆመው፣ በሥራ ልብስ ስለሆንኩ።»

ጠበቃዋ ፊቷ በራ። «በጣም ጥሩ! ግን ልብ በሉ፣ ‹ለምን ሳይገባ ውጭ ይቆማል?› ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ምስክሩ ምክንያቱን ካላወቀ ይጎዳችኋል እንጂ አይጠቅማችሁም። ልጅቷ አስም እንዳለባት ያውቃል አይደል?»

«እንዴ! አሰልጣኝ ሆኖ እንዴት አያውቅም?» አለች እናቷ።

ጥይት የጫማዋን ክር ማሰር ጀመረች። ክሩ ታስሮ ነበር።

ኮች፣ አሰልጣኟ፣ አያውቅም። አምና አንድ ልጅ የሩጫው መም ላይ ተዝለፍልፎ ከወደቀ ወዲህ ሕግ አውጥቷል፦ የጤና ችግር ያለበት ይናገራል፣ የሐኪም ወረቀት ያመጣል፣ እስከዚያ አይሮጥም። «ማን አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ጥይት መሬት መሬቱን አይታ ዝም ብላለች። የሚነፋውን መድኃኒቷን ሽንት ቤት ገብታ ነው የምትስበው፤ ሬዲዮ በር ላይ ቆማ ትጠብቅላታለች። «ጥይት» የሚለውን ስም ያወጣላት ራሱ ኮች ነው። የትምህርት ቤቶች ውድድር ደግሞ የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። አራት መቶ ሜትር። ዓመቱን ሙሉ የለፋችበት።

«ከውድድሩ በኋላ ንገሪው» አለች ሬዲዮ ሰኞ ዕለት።

«ቅሬታው ዓርብ ነው የሚገባው። የኮች ቃል አብሮ መግባት አለበት።»

«በቃ ‹ጋሼ ዓይን አፋር ናቸው፣ ለዛ ነው የማይገቡት› በዪው። ምን ችግር አለው? አንቺ ደግሞ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን ልትጥዪ ነው!»

ጥይት ልምምዱን ሙሉ ይህን ስታሰላስል ዋለች። ዓይን አፋር ናቸው። ሦስት ቃል ብቻ፣ ማንም አይጎዳም። በመጨረሻው ዙር ላይ ግን ዓይኗ አጥሩ ላይ አረፈ። ጋሼ ቆሟል፣ ያው ግራጫ ጃኬቱን ለብሶ። ነፋሱ ከእሱ ወደ ሜዳው መንፈስ ሲጀምር ቦታውን ለቆ ወደ ሌላኛው ጥግ ሲሄድ አየችው። ነፋስ ሲዞር እሱም ይዞራል! ሁለት ዓመት ሙሉ «ምን ያንቆራጥጣቸዋል?» እያለች የታዘበችው ይህንን ነበር። ሩጫዋን አቁማ መሙ መሃል ላይ ቀጥ አለች።

«ምን ሆንሽ?» አለ ኮች ሰዓቱን እያቆመ።

«ኮች፣ አስም አለብኝ።»

ሳታስበው ነው የወጣው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የቀረውንም አከታትላ አፈሰሰችው፤ ደብዳቤውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ጃኬቱን፣ ምስክሩን። ኮች አንዴ እሷን አንዴ አጥሩን ያያል። ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ገረጣ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ደበቅሽኝ?» አለ። «ሞተሽ ብትወድቂብኝስ? ለእናትሽ ምን እላት ነበር?»

ጥይት ወደ አጥሩ፣ ጋሼ ወዳለበት አየች።

ኮች ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አሸት አሸት አደረገ። እንደገና ሲናገር ቁጣው ላይ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል። «አንድ ቀን አባርሬዋለሁ፣ ታውቂያለሽ? መጀመሪያ ሰሞን። ‹ሴት ልጆች የሚሮጡበት አጥር ሥር ምን ትሠራለህ?› ብዬ ጮኽኩበት። ዝናብ ነበር። ‹የሷ ሰው ነኝ› አለኝ ወዳንቺ እያሳየ። ‹ታዲያ ግባ፣ ከጥላው ሥር ቁም› ብለው እምቢ አለ። በሆዴ ኩሩ ነው አልኩ። ኩሩ!»

ጥይት ይህን አታውቅም ነበር። ጋሼ ተባርሮ ያውቃል፤ ቤት መጥቶ ግን ትንፍሽ አላለም። እንባዋ መጣ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው።

«እመሰክራለሁ» አለ ኮች። «የሚገባኝም እሱ ነው። ቅዳሜ ግን አትሮጪም። የሐኪም ወረቀት ሳላይ አንድ እርምጃ አትሮጪም። ይሄን እንዳትለምኚኝ።»

«እሺ» አለች። ያንን «እሺ» ለማለት ከአራት መቶው ሜትር የበለጠ ትንፋሽ ጠየቃት።

ቅዳሜ በእሷ መስመር ሌላ ልጅ ሮጠች፣ አራተኛም ወጣች። ጥይት ከአጥሩ ውጭ ሆና አየቻት። ጋሼ ከሥራ መጥቶ ነበርና ራቅ ብሎ ቆሟል። ከዚህ በፊት ይህ ርቀት ያናድዳት ነበር። ዛሬ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አየችና እሱ ቦታ ሳይቀይር እሷ ዞራ ቆመች። ጋሼ አስተዋለ።

የሐኪሙ ቀጠሮ በሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ሐኪሙ ቱቦ ውስጥ አስነፈሳት፣ አስሮጣት፣ ደግሞ አስነፈሳት፤ መድኃኒቷን በሥርዓቱ ከወሰደች ከወሩ መጨረሻ በኋላ መሮጥ እንደምትችል ጻፈላት። ከመውጣቷ በፊት አንድ ነገር ጠየቀችው። መልሱን ለማንም አልተናገረችም።

ቅሬታ ሰሚው ጉባኤ የተሰየመበት ክፍል ጠባብና ሞቃታማ ነበር። ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሃል ያለችው ሰብሳቢ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች። ጎን ላይ ያ ጎብኚ አለ። ጥይት ጭራቅ ነበር የጠበቀችው፤ የተቀመጠው ግን ገና ጢሙ በቅጡ ያላበቀለ፣ ጥፍሩን የሚነክስ ወጣት ነው። ጋሼ የሠርጉን ሱፍ ለብሷል። እናቷ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ እንደ ገመድ ጨብጣለች።

ጎብኚው ሪፖርቱን አነበበ። የወንድ ልብስ፣ የለም። የወንድ ጫማ፣ የለም። መላጫ፣ የለም።

«ለምን እንደሌለ ጠየቅህ?» አለች ሰብሳቢዋ።

ወጣቱ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገ። «አልጠየቅኩም» አለ። «ቅጹ ላይ ‹ለምን› የሚል ቦታ የለውም።»

ጠበቃዋ በእርሳሷ ጠረጴዛውን መታ መታ ማድረጓን ተወች። ከዚያ ኮች ተነሥቶ የአጥሩን፣ የዝናቡን፣ የ«የሷ ሰው ነኝ»ን ነገር ተናገረ። ማባረሩንም አልደበቀም፤ እዚያ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ። ጋሼ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ የተባረረው እሱ ሆኖ ሳለ እሱ ያፈረ ይመስል ነበር።

«ልጅቷ የምትይው አለ?» አለች ሰብሳቢዋ።

ጥይት ተነሣች። ከሬዲዮ ጋር ስትለማመደው የሰነበተችው ንግግር ብን ብሎ ጠፋ።

«እሱን አትቆጡት» አለች ወደ ጎብኚው እያሳየች። የራሷ ጆሮ የሰማውን አላመነም፤ እናቷም ዞራ አፈጠጠችባት። «እኔም እንደሱ ነበርኩ። እሱ አንድ ቀን ነው ያየው፤ እኔ በየቀኑ ነው የማየው። ባዶውን አይቼ ሊሄዱ ነው ብዬ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አብሬያቸው እየበላሁ፣ ለምን ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ዕቃቸው ቤት ውስጥ የሌለው፣ እኔ ቤት ውስጥ እንድተነፍስ ብለው ነው።»

ሌላ ቃል ፈለገች፤ አላገኘችም። ተቀመጠች። ጎን ለጎን የተቀመጠው ጋሼ ዞር ብሎ አላያትም፤ ፊቱን ግን በሱፉ እጅጌ ጠረገ።

ወጥተው እንዲጠብቁ ተነገራቸው። ኮሪደሩ ላይ እናቷ «ለቤት ጉብኝት ሻይ ላፍላ ያልኩት እኔ!» ብላ በራሷ ላይ ስትስቅ፣ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ተመልሰው ሲጠሩ ሰብሳቢዋ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አውርዳ ነበር።

«ውሳኔው በስህተት የተሰጠ ሆኖ ስለተገኘ ተሽሯል። የመኖሪያ ፈቃዱ እንዲሰጥ ታዟል።»

እናቷ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ጋሼ እንደ ቆመ ቀረ። የሰማው ነገር ወደ ውስጥ መግቢያ ያጣ ይመስል ነበር።

«እና… አሁን ምን ላድርግ?» አለ።

ሰብሳቢዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ወደ ቤትዎ ይሂዱ» አለችው።

ሕንፃው ጋ ሲደርሱ እናቷ ለማታ ተራዋ ትንሽ ጋደም ልትል በሊፍቱ ወጣች። ጋሼ ግን እግሩ እንደ ለመደው ወደ ምድር ቤት ወሰደው። የክት ሱፉን ለብሶ፣ አንዲት አቧራ ሳትነካው፣ ሊቀይር መውረዱ ነው! ጥይት ተከተለችው። ቁም ሳጥኑን ሲከፍት ከጎኑ አልፋ እጇን ሰደደችና ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ክንዷ ላይ ማነባበር ጀመረች። ነጠላ ጫማውን በጣቶቿ አንጠለጠለች።

«ሚጣ፣ ተይ! አቧራው…»

«ሐኪሙን ጠይቄያለሁ። የታጠበ ልብስ ቤት ይግባ ብሏል። የሥራው ብቻ እዚህ ይቀራል።»

ጋሼ መላጫውን ይዞ ግራ እንደተጋባ ቆመ። ግራጫው ጃኬት ብቻውን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቀረ። ጥይት በሩን በክርኗ ዘጋችውና ደረጃውን መውጣት ጀመረች። መጀመሪያው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጠር ሲላት ቆም አለች። ወደ ኋላ ስትዞር ጋሼም ቆሟል፤ እንደ ልማዱ ራቅ ብሎ፣ መላጫውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ እየጠበቃት ነው።

«ና እንጂ» አለችው።